ነጩ ስፌት

ምህረት የኮልፌን ቁልቁለት ወረደችው ከማለት ተንሸራተተችበት ማለት ይቀላል። ባንድ እጇ ነጠላዋን ሰብስባ፣ በሌላው ጥቁር ፌስታል ጨብጣ፣ የጎማ ጠጋኙን ደጅ አለፈች፤ መንገዱን የዘጉትን የበርበሬ ጆንያዎች በጎን ተሻገረች፤ ሁለት ሰው ሰላም ብሏት ለአንዱም አልመለሰችም። ከብሩኬ ደራቢው ሱቅ ስትደርስ የበሩን መቃን ተደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ጋሽ ብሩኬ፣ አፈር ስሆን፣ የያዙትን ሁሉ ያስቀምጡልኝ።»

ብሩኬ የአንድ ተማሪ ቦርሳ ማንጠልጠያ እየሰፋ ነበር። ወስፌውን ከቆዳው ሳይነቅል በመነጽሩ አናት አያት። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ሰው በሩጫ ሲመጣበት መጀመሪያ የሚያስበው ሞትን ነው።

«ምነው? ሃምሳ አለቃ አረፉ እንዴ?»

«ኧረ እሳቸው ምን ይሆናሉ! እኛን ይጨርሱናል እንጂ።»

ጊዜው ጥቅምት ነበር፣ የሁለት ሺህ አሥራ አራት ጥቅምት፣ ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው። አገሩ በጦርነት ወሬ ተወጥሯል፤ ሰው ሬዲዮ ከፍቶ ይተኛል፣ ሬዲዮ ከፍቶ ይነሳል። መሣሪያ ያለው ሁሉ በሁለት ቀን ውስጥ በአቅራቢያው ጣቢያ ቀርቦ ያስመዝግብ ተብሏል። ድምፅ ማጉያ የጫነው መኪና ሰፈር ለሰፈር መዞር ከጀመረ ይሄ ሁለተኛው ቀን ነው። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ በየቤቱ የተገኘ ጠመንጃ ከነባለቤቱ ይሄዳል።

የምህረት አባት ሃምሳ አለቃ የኔሰው ደግሞ ጠመንጃ አላቸው። ባለ ሁለት አፍ፣ የጣሊያን ሥራ፣ የአደን ጠመንጃ። በንጉሡ ጊዜ ክብር ዘበኛን ለቀው ፈረንጅ አዳኞችን ጊቤ በረሃ ሲመሩ፣ አንዱ ፈረንጅ ሲሰናበት የሸለማቸው ነው።

«ታዲያ ይዛችሁ ሂዱና አስመዝግቡ» አለ ብሩኬ።

«እንዴት አድርገን? ጎረቤታችን ገዳ የአባቱን ጠመንጃ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ሲሄድ መንገድ ላይ ያዙት። ሊደብቅ ነው ብለው፣ እስኪጣራ እዚያው አደረ። ስለዚህ በግልጽ መያዝ አለበት። አባባ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ይቅረብ ስለተባለ ካልሄድኩ አሉ። እሺ አልን። ግን አንድ እጃቸው ምርኩዝ ይይዛል፣ አንድ እጃቸው እኔን ይይዛል። ጠመንጃውን በምን ይያዙት? ያለ ማንገቻ ንክች አላደርገውም ብለው አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል!»

«አንቺ አትይዢላቸውም?»

«ያዝኩላቸው እንጂ! በቴሌቪዥን እንዳየሁት አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጌ ብይዘው ጮኹብኝ። ‹ዘቅዝቀሽ? ለቅሶዬ ላይ ነሽ? ገና አልሞትኩም!› አሉኝ።»

ብሩኬ ፈገግ አለ። እውነታቸውን ነው። በሃምሳ አለቃ አገር ጠመንጃ የሚዘቀዘቀው ባለቤቱ ሲሞት ነው፤ ያንን ያየ የዕድር ጥሩምባ ነፊ ሳይጠየቅ ይነፋል።

«ማንገቻውን ለሁለት እንደተበጠሰ ከሣጥናቸው ሥር አውጥተው ሰጡኝ» አለች ምህረት ፌስታሉን እየፈታች። «ወዴት ልውሰደው ብላቸው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ኮልፌ ውስጥ ደግሞ ከእርስዎ ሌላ የት ይኬዳል?»

ብሩኬ እጁን ዘረጋ፤ ግን ወዲያው አልተቀበላትም። የዘረጋው እጅ አየር ላይ ቆመ።

ይሄን ማንገቻ ያውቀዋል። የሠራው እሱ ነው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከዳውሮ በልጅነቱ ያመጣው አባቱ የቆዳ ሰው ነበር፤ አልፍቶ፣ ቀዶ፣ ሰፍቶ የሚያድር። ያኔ ደግሞ የቆዳ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኮርቻህን ይገዛሃል፣ የሠራኸውን ቀበቶ ወገቡ ላይ ይታጠቃል፣ ውሃ ሲሰጥህ ግን ጣሳህ ለብቻ ነው። ስምህም «ፋቂው» ነው። ብሩኬ ያንን ስም በሥራው ሊያስረሳ የተነሳ ልጅ ነበር። ለሃምሳ አለቃ የኔሰው ጠመንጃ የጎሽ ቆዳ መርጦ፣ ክሩን በሰም አሽቶ፣ ሰባት ቀን ቆጥሮ ማንገቻ ሠራ። ከዚያ በፊት እንዲያ ያለ ሥራ አልሠራም፤ ከዚያም በኋላ አልሠራም።

በወሩ ሃምሳ አለቃ ከጊቤ በቃሬዛ መጡ። «የፋቂው ማንገቻ ተበጥሶ፣ ጠመንጃው ወድቆ፣ ሳይታሰብ ተኩሶ እግራቸውን በላው» ተባለ። ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ኮልፌ ገባ። ከዚያ በኋላ አንድም ሰው ለጠመንጃዬ ማንገቻ ሥራልኝ ብሎ ወደ ብሩኬ አልመጣም። ሃምሳ አለቃም እያነከሱ በደጁ አለፉ፤ «እንዴት ዋልክ» ይላሉ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። በቃ። አርባ ዘጠኝ ዓመት።

ብሩኬ ግን ከሰው ወሬ ይልቅ እጁን ነበር የጠረጠረው። የትኛዋን ስፌት ዘለልኩ? ክሩን የት ላይ አላላሁ? ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ማንኛውንም ነገር ሁለት ጊዜ ይሰፋል። የአህያ ጭነት ጠፍር ይሁን የሕፃን ቦርሳ፣ አንዴ ሰፍቶ ይጨርስና በላዩ ይደግመዋል። ሰው ጥንቃቄ መሰለው፤ «ብሩኬ ደራቢው» ብሎ ስም አወጣለት፣ ገበያም በዚያው መጣለት። ከምን እንደመጣ የሚያውቀው እሱና ሟች ሚስቱ ሰርኬ ብቻ ነበሩ።

«ጋሼ? ምነው?» አለች ምህረት።

«ምንም። ስጪኝ።»

ሁለቱን ቁራጮች ተቀበለና ወደ በሩ ብርሃን ዞረ። መጀመሪያ ስፌቱን አየ። ሰባት ስፌት፣ ከዚያ አንድ ድርብ ቋጠሮ፣ እንደገና ሰባት። የአባቱ ምልክት ናት። ከጫፍ እስከ ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። አንዲት ክር አልተላቀቀችም። የዘለበቱ ሥር ደህና ነው። የቀለበቱ ሥር ደህና ነው።

ከዚያ የተለያየበትን ቦታ አየ።

ቆዳ ሲበጠስ ያስታውቃል። መጀመሪያ ይሳሳል፣ ይለጠጣል፣ ሲበጠስም ጠጉር እንደማውጣት ብሎ ተንጨባሮ ነው የሚበጠሰው። ይሄ ጫፍ ግን ልሙጥ ነው። ቀጥ ያለ፣ በአንድ ጎን ትንሽ ያጋደለ። ስለት ነው። በደንብ የተሳለ ካራ፣ በአንድ ምት፣ ከላይ ወደ ታች።

ብሩኬ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና መልሶ አደረገው። ነገሩ ያው ነው።

«ይሠራል?» አለች ምህረት።

«ከጠመንጃው ጋር ልለካው ያስፈልጋል» አለ። ወስፌ፣ ሁለት መርፌ፣ ሰምና ክር ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። በሩን ሲቆልፍ ቁልፏ ሁለት ጊዜ ከቀዳዳው ሳተች።

ሃምሳ አለቃ የኔሰው ለባብሰው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ካኪ ኮት፣ እስከ አንገት የተቆለፈ ሸሚዝ፣ ትናንት የተላጨ አገጭ። ጠመንጃው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል። ሰማንያ ሁለት ዓመት የዚያን ግዙፍ ሰው ትከሻ ቁልቁል አፍስሶታል። ብሩኬ እዚህ ቤት ሲገባ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተጻድቅ ሲሞቱ እንኳ ከድንኳኑ ነው የተመለሰው።

«አንተ ነህ?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ሃምሳ አለቃ።»

«ሌላ ሰፊ አልነበረም?» አሉ ወደ ልጃቸው።

ብሩኬ መልሷን አልጠበቀም። ሁለቱን ቁራጮች አውጥቶ ብርድ ልብሱ ላይ አጋደማቸውና ጫፍ ለጫፍ ገጠማቸው። ልክክ አሉ፤ መሃላቸው ፀጉር የምታህል መስመር ብቻ ቀረች።

ሃምሳ አለቃ መስመሯን አዩ። ብሩኬን አዩ። ምህረት ለእንግዳው ውሃ በብርጭቆ ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«አየኸው?» አሉ ሽማግሌው።

«አየሁት።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት። አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እጄን ስጠረጥር ኖሬ፣ ዛሬ ጠዋት።»

ከውጭ የድምፅ ማጉያው መኪና እየጮኸ አለፈ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እያለ ድምፁ ወደ ታች ሰፈር ወረደ።

«አባባ፣ ምንድን ነው?» አለች ምህረት።

ሃምሳ አለቃ ጠመንጃውን እንደ ሕፃን እግር ዳበሱት። «ጅግራ ነው» አሉ። «ማለዳ ነው፤ ፈረንጆቹ ገና ጫማቸውን እያሰሩ ነበር። መንጋው ከፊቴ ብድግ አለ። እኔ ነኝ ሰውን ሁሉ የማስተምረው፤ ቁጥቋጦ ከመሻገርህ በፊት ማንገቻውን ከትከሻህ አውርድ፣ ጠመንጃህን ክፈት፣ ጥይቱን አውጣ። ስንቱን ባለ ማዕረግ በዚች ነገር ቆጥቼዋለሁ! ያን ዕለት ግን ጎርሷል፣ ተነግቷል፣ እኔም ሮጥኩ። የአጋም ቅርንጫፍ ማንገቻው ውስጥ ገባ። ሳብኩት…»

ቀኝ እግራቸውን አዩት።

«እግሬ እየደማ መጀመሪያ ያነሳሁት መጠቅለያ ጨርቅ አይደለም። ካራዬን ነው። ፈረንጆቹ ሳይደርሱ ቆረጥኩት። ተበጠሰብኝ አልኳቸው። የአደን መሪ በገዛ ስህተቱ እግሩን መታ ከሚባል…»

«ፋቂው ሰፍቶት ተበጠሰ ቢባል ሁሉም ያምናል» አለ ብሩኬ።

«አዎ።»

ምህረት ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የማንንም ፊት አላየችም።

«ለምን አላቃጠሉትም?» አለ ብሩኬ።

«ሦስት ጊዜ እሳት አስነድጄለታለሁ። አልሆነልኝም። እንዲያ ያለ ሥራ…» ቃሉን ሳይጨርሱት ቀሩ። ደግሞም እንዲህ አሉ፤ «የማንገቻ መጥፎ ነገሩ ጠመንጃን ማስረሳቱ ነው። በእጅህ የያዝከውን አትረሳውም። ጀርባህ ላይ ያለውን ግን ከነመጉረሱ ትረሳዋለህ።»

«እርስዎ በጀርባዎ አንግተውት ረሱት» አለ ብሩኬ። «እኔ በእጄ ይዤው ኖርኩ።»

ትቶ ሊሄድ ይችል ነበር። ቢሄድ ደግሞ ጠመንጃው ከዚህ ቤት አይወጣም፤ አሥራ አንድ ሰዓት ያልፋል፤ መጥተው ሽማግሌውን ከነልጃቸው ይወስዱ ነበር። በዚያም ማንም አይፈርድበትም። ብሩኬ ምህረትን አያት፤ ውሃውን አያት። በነሱው ብርጭቆ ነው የመጣለት፤ እሷ ስለ ጣሳው ዘመን ወሬውንም አልሰማችም። አንስቶ ጠጣ፤ መሬት ላይ ቁጭ አለና ከረጢቱን ፈታ።

«አዲስ አልሰራልዎትም» አለ። «ይሄንኑ እቀጥለዋለሁ።»

ከሥር ማጠናከሪያ የምትሆን ቁራጭ ቆዳ አስገባ፣ ሁለቱን ጫፎች በላይዋ አገናኘ፣ በወስፌ ቀዳዳ መውጋት ጀመረ። ክር ሲያወጣ ሃምሳ አለቃ አጎነበሱ።

«ነጭ ነው?»

«ነጭ ነው።»

«ቡናማ የለህም?»

«አለኝ።»

«ታዲያ በቡናማው…»

«በነጭ ነው የምሰፋው።»

«ሰው ያየዋላ!»

«ይየዋ» አለ ብሩኬ፣ ክሩን በሰም እያሸ። «አደባባይ ወጥተው ይናገሩልኝ አላልኩም። ማንገቻው ግን ዳግመኛ አይዋሽም።»

ሽማግሌው ወደ ግድግዳው ዞሩ። እዚያ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን የሰፈሩ ባለ ባጃጅ ጆሲ ደጅ ላይ አቆመ። ሃምሳ አለቃ ከኋላ መሃል ላይ ተቀመጡ፤ ምህረት በግራ፣ ብሩኬ በቀኝ። ምህረት ናት «ጋሼ፣ ድንገት ማንገቻው ቢያስቸግረን አብረውን ይሁኑ» ብላ የለመነችው። ጠመንጃው በሽማግሌው ጉልበት መሃል አፈሙዙ ወደ ላይ ቆመ።

«ፋዘር፣ ይሄ ነገር ይሠራል?» አለ ጆሲ በመስተዋቱ እያያቸው።

«ካንተ ባጃጅ ይሻላል። መንገድህን እይ።»

«ኧረ እኔስ ወደ ጣሪያው ስለዞረ ነው፤ ሸራውን ገና ባለፈው ሳምንት ነው ያስቀየርኩት!»

አየር ጤና አደባባዩ ሳይደርሱ መንገዱ ተዘግቷል። ተሽከርካሪ አያልፍም። ከዚያ እስከ ጣቢያው በእግር ነው። ሃምሳ አለቃ ወረዱ፣ ጠመንጃውን ወገቡ ላይ ሰብረው ከፈቱት፣ ሁለቱም የጥይት ጉሮሮዎች ባዶ መሆናቸውን ለሚያየው ሁሉ ወደ ሰማይ አሳዩ፣ መልሰው ዘጉት። ከዚያ ማንገቻውን በቀኝ ትከሻቸው አጠለቁ። ነጩ ስፌት ደረታቸው ላይ፣ ልክ የኒሻን ቦታ ላይ ዋለ። ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ልጃቸውን ተደግፈው፣ ቀና ብለው ሄዱ። ትከሻቸው ስለፈሰሰ ማንገቻው በየአሥር እርምጃው ይንሸራተታል፤ ብሩኬ ከኋላ ሆኖ ይመልስላቸዋል። የመለዋወጫ ሱቆቹ ደጅ የቆሙ ሰዎች መንገድ ለቀቁላቸው።

የጣቢያው ግቢ የጦር ዕቃ ገበያ መስሏል። ምንሽር ያለው፣ ዲሞትፈር ያለው፣ ሽጉጡን በመሀረብ ላይ ዘርግቶ የያዘ፤ አብዛኛው ሽማግሌ ነው። ምርኩዛቸውን ያዩ ሰዎች ሃምሳ አለቃን ወደ ወረፋው ፊት አሳለፏቸው። ወረፋው መሃል ላይ ሃምሳ አለቃን ያዩ አንድ ሰው እጃቸውን አጨበጨቡ። ባሻ ቀለመወርቅ ናቸው። ባሻ የተባሉት በሹመት አይደለም፣ በቀልዳቸው ነው። በጊቤው ጊዜ የአዳኞቹ ሠፈር ጠባቂ ነበሩ፤ የማንገቻውን ወሬ ኮልፌ ያደረሱትም እሳቸው።

«የኔሰው! አለህ እንዴ? እኔ እኮ ሞተህ ዕድሩ የደበቀኝ መስሎኝ!»

«አለሁ።»

ባሻ ጠጋ ብለው ማንገቻውን አዩ። ከዚያ ብሩኬን አዩ። ፊታቸው በራ። «ኧረ በጊዮርጊስ! ያ የፋቂው ማንገቻ አይደለም እንዴ? አስቀጠልከው? ያውም በራሱ እጅ?» ወደ ወረፋው ዞሩ። «ሰዎች፣ እግራችሁን ሰብስቡ! ይሄ ማንገቻ አንድ ጊዜ ተበጥሶ የዚህን ሰው የእግር ጣቶች ወስዷል፤ ዛሬ ደግሞ የማንን እንደሚወስድ አይታወቅም!»

ሰው ሳቀ። ክፋት የሌለው ሳቅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በጭንቀት ቆሞ የዋለ ሰው ሳቅ። ብሩኬ ሃምሳ አለቃን አየ። ምህረትም አየቻቸው።

ሃምሳ አለቃ አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት። የምርኩዛቸውን ጫፍ አፈሩ ውስጥ አዞሩ።

ወረፋው አንድ እርምጃ ሄደ። ብሩኬ አልሄደም። የቆመበት ቀረና ከኋላ ያለው ሰው በትከሻው አለፈው። አልተናደደም፤ ደክሞት ነበር። ማንገቻው አይዋሽም ብሎ ነበር፤ እንግዲህ ሰው ዝም ካለ ማንገቻ ምን ያደርጋል? ነጩንም ክር ሰው እንደፈለገ ያነበዋል። ወደ በሩ ዞሮ ግማሽ ግቢ ተራምዶ ነበር።

«ቀጣይ!»

መዝጋቢዋ ሳጅን ሀያቱ ትባላለች። ከጠዋት ጀምራ ስትጽፍ ጣቷ ሰማያዊ ሆኗል። ሃምሳ አለቃ ከኮታቸው ኪስ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሦስት ወረቀቶች አወጡ። አንዱ የንጉሡ ማህተም አለበት፣ አንዱ የደርግ፣ አንዱ የኢሕአዴግ። ሳጅኗ ተራ በተራ ገለጠቻቸው።

«አባቴ፣ ሙዚየም ነው ይዘው የመጡት።» ጠመንጃውን ተቀብላ ከፈተች፣ ቁጥሩን አነበበች፣ ጻፈች። «ጥይት?»

«ካለቀ ሠላሳ ዓመቱ ነው።»

«ልዩ ምልክት…» ማንገቻውን በእስክሪብቶዋ ጫፍ ነካችው። «ማንገቻው ተበጥሶ የተቀጠለ፣ ብዬ ልጻፍ?»

ሃምሳ አለቃ ነጩን ስፌት አዩ።

«አባቴ? ተበጥሶ ነው አይደል?»

«ቆይ» አሉ ሽማግሌው። ወደ ኋላቸው ዞሩ። በሰው መሃል የብሩኬን ጀርባ ፈለጉ። «ብሩኬ!» አሉ፤ በወታደር ቤት ድምፅ፣ ግቢው በሙሉ የሰማው። ብሩኬ ቆመ።

«አልተበጠሰም» አሉ፣ ወደ ሳጅኗ ሳይዞሩ። «ተቆርጦ ነው፤ እንደዚያ ብለሽ ጻፊ።»

«ማን ቆረጠው?»

«እኔ። በካራዬ፣ በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ጊቤ በረሃ። ጠመንጃዬን አጉርሼ፣ አንግቼ፣ ቁጥቋጦ ስገባ በገዛ ጥፋቴ እግሬን መታሁ። አፈርኩና ቆርጬ ተበጠሰ አልኩ። ስፌቱ እንከን አልነበረበትም፤ እይው፣ ዛሬም የለበትም። ጻፍሽ?»

ሳጅን ሀያቱ እስክሪብቶዋን አየር ላይ ይዛ ቀረች። «ይሄ ሁሉ እዚህ ቦታ አይበቃም፣ አባቴ።»

«የበቃሽን ያህል ጻፊና ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።»

ጻፈች። አነበበች። «ማንገቻ፤ የቆዳ፣ በባለቤቱ በስለት የተቆረጠ፣ በነጭ ክር የተቀጠለ።»

«ሠሪው ብሩኬ ነው በይ።»

«ለሠሪ ቦታ የለውም።»

«ጠርዙ ላይ አይበቃም?»

ፈገግ ብላ ጠርዙ ላይ ጻፈችው።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት ባሻ ቀለመወርቅ ናቸው። ኮፍያቸውን አንስተው እንደገና ማድረጉን ረሱት። «እንዲህ ከሆነ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔ አርባ ዘጠኝ ዓመት የሳቅኩት በማን ላይ ነው?» ከዚያ ራሳቸው ወደ ብሩኬ ሄዱ። የዲሞትፈራቸውን ሲባጎ ከፍ አድርገው አሳዩት። «ይሄው፣ እኔም በገመድ ነው የማንጠለጥለው። ብትሰፋልኝ…»

«ወረፋ አለ ባሻ» አለ ብሩኬ። «የተማሪ ቦርሳ ይቀድማል።»

አሁን ሰው ሲስቅ ባሻም አብረው ሳቁ፤ ግን እንደ ቅድሙ አልረዘመላቸውም።

የተመዘገበበትን ወረቀት ሰጥተው፣ ጠመንጃውንም ይዘው እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ሃምሳ አለቃ ቆሙ። ጠመንጃውን እንደገና ከፈቱ፤ ባዶውን ለብሩኬ አሳዩት፤ ዘጉት።

«ደከመኝ» አሉ። «አንግትልኝ።»

ብሩኬ በዕድሜው ስንት ማንገቻ እንደሰፋ አያውቅም። በአባቱ ጊዜ የቆዳ ሰው ሠርቶ ሲያስረክብ በሁለት እጁ አቅርቦ ከባለቤቱ ትከሻ ያጠልቃል እንጂ በራሱ ትከሻ አይሞክርም፤ እንደ ድፍረት ነው የሚታየው። ሃምሳ አለቃ ማንገቻውን በሁለት እጃቸው አቀረቡና ከብሩኬ ትከሻ አጠለቁት። አፈሙዙ ወደ ላይ።

ወደ ባጃጁ ተራመዱ። ጠመንጃው ለብሩኬ ቁመት ረዝሞ ሰደፉ ዳሌውን ይነካካዋል። ማንገቻ ትከሻ ላይ የሚከብደው የት ጋ እንደሆነ ዛሬ ገና በገዛ አጥንቱ አወቀው። ሁለት ጣት ማጠር ነበረበት። እዚህ ላይ ደግሞ ትንሽ ሰፋ ቢል። ለካ በእጅ ብቻ የማይታወቅ ነገር አለ።

«ብሩኬ» አሉ ሃምሳ አለቃ፣ በምህረት ክንድ ላይ እያዘገሙ። «አንተ ሁሉን ነገር ደርበህ ነው የምትሰፋው ይባላል። ይሄንንም ደረብከው?»

ብሩኬ አውራ ጣቱን ወደ ነጩ ስፌት ሰደደ። ከዳር እስከ ዳር ቆጠረው። ሰባት፣ አንድ ቋጠሮ፣ ሰባት። ጠዋት እዚያ ወለል ላይ ተቀምጦ የመጨረሻዋን ቋጠሮ አስሮ ክሩን በጥርሱ በጥሶ እንደተነሳ ትዝ አለው። መድገሙ በሐሳቡም አልመጣም ነበር።

«አይ» አለ። «አንድ ጊዜ ነው።»

«ይይዛል?»

«ይይዛል።»